ወንዙ የሚሄድበት መሬት፦ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በጎርፍ መሄጃ ውስጥ ለመገንባት የሚያስፈልግ ፈቃድና ከፈቃድ ነፃ የሚያደርጉ ሁኔታዎች

ለእኛ ነሐሴ ማለት ወንዝ የሚሞላበት፣ መንገደኛ ከማዶ ቆሞ ውሃው እስኪጎድል የሚጠብቅበት ወር ነው። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ናቸው፤ ሲዳርና ስኖኳልሚ ወንዞች በጠጠር መካከል ቀጥነው ይፈስሳሉ፣ የቤት ገበያው ይደራል። ኬንት፣ ሬንተን፣ ተክዊላና ኦበርን አካባቢ ቤት የሚፈልግ ወገናችን በዚህ ወቅት ወንዝ ዳር ያለ ሰፊ ጓሮ ሲያይ ልቡ ይከጅላል። ወንዞቹ የሚሞሉት ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ሞቃት ዝናብ በተራራው በረዶ ላይ ሲወርድ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ወንዝ ዳር መሬት ላላቸው፣ ለመግዛት ለሚያስቡ፣ ወይም ባለው ቤታቸው ላይ ክፍል ለመጨመር ለሚፈልጉ ነው። ወገኖቻችን ለማመልከቻ የሚያዘጋጇቸውን ሰነዶች በማንበብ ስረዳ ደጋግሞ የገጠመኝ አንድ አሳሳች ቃል አለ፦ «ከፈቃድ ነፃ»። ሰው ይህን ቃል አንድ ቦታ ላይ ያነብና አፈር ያስጭናል። ቃሉ የሚናገረው ስለዚያ አንድ ፈቃድ ብቻ ነው። በአንድ ቁራጭ መሬት ላይ አራትና አምስት ሕጎች ተደራርበው ይቆማሉ፤ አንዱ ነፃ ሲያደርግህ ሌላው ይይዝሃል። የሚቀጥለው ሁሉ ይህን መደራረብ እያንዳንዱን ደረጃ ተከትሎ የሚፈታ ነው።

በቅድሚያ ቃሉን እንለይ

ወንዝ ሲሞላ ውሃው የሚተኛበት ሰፊ መሬት በሰነዶቹ «ፍለድፕሌን» ይባላል፤ እኔ የጎርፍ ሜዳ እለዋለሁ። በዚያ ሜዳ መካከል ወንዙ ራሱና ከግራና ከቀኙ ያለው፣ ጥልቁና ፈጣኑ ውሃ የሚያልፍበት መሬት «ፍለድዌይ» ነው፤ የጎርፍ መሄጃ እያልኩ እቀጥላለሁ። ከመሄጃው ውጪ የሚቀረው የሜዳው ጠርዝ የጎርፍ ዳርቻ ነው። በዳርቻው ላይ ቤትን ከፍ አድርጎ መሥራት በብዙ ቦታ ይቻላል። በመሄጃው ላይ ግን ሕጉ ሌላ ነው።

የፌደራሉ ደንብ መሄጃውን የሚለካው እንዲህ ነው። በማንኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ አንድ በመቶ የሆነ ጎርፍ ይታሰባል። ከዚያ የጎርፉ ሜዳ ከሁለቱም ዳር በአፈርና በሕንፃ እየተሞላ ወደ ወንዙ ቢጠጋ፣ ውሃው ከአንድ ጫማ በላይ ከፍ ሳይል እንዲያልፍ የግድ ክፍት መሆን ያለበት መሬት ይሰላል። ያ መሬት የጎርፍ መሄጃ ነው። ይህን ጎርፍ ብዙ ሰው «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ስለሚለው አባቶቻችን ያዩት፣ ልጆቻችን የሚያዩት ይመስለዋል። በ30 ዓመት የቤት ብድር ዘመን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ያህል ነው።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ያለ ካርታ ያውቀዋል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ ሞልቶ ሲወርድ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ውሃ ለዓመታት ባይመጣም መንገዱን አይረሳም። እዚህ አገር በካርታ ላይ የተሰመረው መስመር ያንኑ መንገድ ነው የሚያሳየው።

አንደኛ፦ መሬታችሁ የት እንደወደቀ አረጋግጡ

በፌደራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት፣ በፌማ፣ የካርታ አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን አስገቡ። የሚወጣው ካርታ ላይ «ኤኢ» ወይም «ኤ» የሚል ፊደል ያለበት ቀለም የጎርፍ ሜዳ ነው። በዚያ ውስጥ በሰያፍ መስመሮች የተሸፈነው ክፍል የጎርፍ መሄጃው ነው። የገጹን ቅጂ አትማችሁ ያዙ፤ ካርታው ሥራ ላይ የዋለበትን ቀን ልብ በሉ። በረቂቅ ላይ ያለ አዲስ ካርታ ካለም ጠይቁ፤ ዛሬ ከመስመሩ ውጪ ያለ መሬት ነገ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቀጥሎ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ለዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፖስታ አድራሻችሁ «ኬንት» ወይም «ሬንተን» ስላለ መሬቱ በዚያ ከተማ አስተዳደር ሥር ነው ማለት አይደለም። ከከተማ ክልል ውጪ ያለ መሬት የሚተዳደረው በካውንቲው፣ ማለትም ከክፍለ ግዛቱ በታች ባለው የአካባቢ አስተዳደር፣ ነው። በኪንግ ካውንቲ የንብረት ካርታ ላይ የመሬት መለያ ቁጥራችሁን ብታስገቡ የሚያስተዳድረው አካል ስም ይወጣል። ከተሳሳተ ቢሮ የተሰጠ የቃል መልስ ምንም አይረዳችሁም።

የካውንቲው ደንብ ከፌደራሉ ጠበቅ ሊል እንደሚችልም እወቁ። ኪንግ ካውንቲ ከከተሞች ውጪ ባለው መሬት ላይ ከፌማ መሄጃ በተጨማሪ ውሃው ምንም ከፍ እንዳይል ታስቦ የሚሰላ ሰፋ ያለ መሄጃ ይጠቀማል። በፌማ ካርታ ላይ ሰያፍ መስመር ያልነካው ጓሮ በካውንቲው ስሌት መሄጃ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ወንዙ አልጋውን እየቀየረ የሚሄድበትን ቀጠናም ካውንቲው ለብቻው በካርታ ያሳያል። ሁለቱንም ጠይቁ።

«መሬቴ ከፍ ያለ ነው፣ ካርታው ተሳስቷል» የምትሉ ከሆነ ፈቃድ ባለው ቀያሽ አስለክታችሁ ፌማ ካርታውን ለመሬታችሁ እንዲያሻሽል ማመልከት ትችላላችሁ። የተፈጥሮ መሬታችሁ ከጎርፉ ከፍታ በላይ መሆኑን ለማሳየት ለሚቀርበው ማመልከቻ ፌማ አያስከፍልም፤ የቀያሹ ዋጋ ግን የእናንተ ነው። ይህ ደብዳቤ በዋናነት የሚያነሳው የኢንሹራንስ ግዴታውን ነው፤ የአካባቢውን የግንባታ ደንብ በራሱ አያነሳም።

ሁለተኛ፦ ሥራችሁ «ልማት» መሆን አለመሆኑን እወቁ

በፌደራሉ ደንብ «ልማት» ማለት ሰው በመሬት ላይ የሚያደርገው ማንኛውም ለውጥ ነው። ሕንፃ ብቻ አይደለም። አፈር መሙላት፣ መደልደል፣ መቆፈር፣ ንጣፍ ማንጠፍ፣ ማዕድን ማውጣት፣ ዕቃና መሣሪያ ማከማቸት ሁሉ በስም ተጠቅሰዋል። አጥርም ይገባበታል፤ ጎርፍ የሚያመጣው ግንድና ቆሻሻ አጥሩ ላይ ሲከማች አጥሩ ግድብ ይሆናልና።

አንድ የማውቀው ቤተሰብ ጓሮው በክረምት ጭቃ እየሆነ ልጆች አላጫውት ስላለው ስድስት መኪና አፈር አስደፍቶ አስደለደለ። ቤት አልሠሩም፣ ድንጋይ አልጣሉም፤ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ሥራ የሚያስቆም ማስታወቂያ በራቸው ላይ ተለጠፈ። አፈሩን ለማስወጣት የከፈሉት ለማስገባት ከከፈሉት በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ «አፈር ብቻ ነው» የሚል ሰው ስሰማ ሆዴ ይባባል።

የጭነት መኪና፣ ኮንቴይነር ወይም የምግብ መሸጫ ተጎታች ወንዝ ዳር ለሚያቆሙ ወገኖች፦ ኮንቴይነር አስቀምጦ ዕቃ ማከማቸት በትርጉሙ ውስጥ ይገባል። ለመዝናኛ የሚሆን ተንቀሳቃሽ የመኖሪያ ተሽከርካሪ በፌደራሉ ደንብ የሚታለፈው በቦታው ተከታታይ 180 ቀን ሳይሞላው ከተነሣ፣ ወይም ሰሌዳው የታደሰና በማንኛውም ሰዓት ለመንገድ ዝግጁ ከሆነ ነው። ጎማው ተነቅሎ በረንዳ የተሠራለት ተሽከርካሪ ለመንገድ ዝግጁ አይባልም።

ሦስተኛ፦ መኖሪያ ቤት ከሆነ

የፌደራሉ ደንብ መሐንዲስ ውሃው ከፍ እንደማይል ካረጋገጠ በመሄጃው ውስጥ መገንባትን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሕግ ግን ለመኖሪያ ቤት ይህን በር ዘግቶታል። በምዕራፍ 86.16 ክፍል 041 መሠረት በተሰየመ የጎርፍ መሄጃ ውስጥ አዲስ መኖሪያ ቤት መሥራትም ሆነ የነበረውን እንደገና መሥራት የተከለከለ ነው። ባዶ መሬት ገዝቶ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው እዚህ ላይ ያቁም፤ ስሌቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን መሐንዲስ አያድነውም። የዚህን መሬት ዋጋ ርካሽነት ስታዩም ምክንያቱ ይህ ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ለነባር ቤቶች የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱን አንድ በአንድ እናንሳ።

የመጀመሪያውና ብዙዎችን የሚመለከተው ጥገናና ማሻሻያ ነው። ሁለት መስፈርቶች አሉት፤ ሁለቱንም እንደምታሟሉ አስባችሁ አቅዱ። አንደኛው፣ የቤቱ የመሬት ወለል ስፋት፣ ማለትም መሬቱ ላይ ያረፈው ወለል ብቻ እንጂ የፎቆቹ ድምር ያልሆነው፣ እንዳይጨምር ነው። ሁለተኛው፣ የሥራው ወጪ ከሕንፃው የገበያ ዋጋ 50 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ዋጋው የሚወሰደው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያለው፣ ቤቱ በአደጋ ተጎድቶ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት የነበረው ነው።

የሚታሰበው የሕንፃው ዋጋ ብቻ መሆኑን አስምሩበት። ቤትና መሬቱን በ600 ሺህ ዶላር ገዝታችሁ፣ ከዚያ ውስጥ የሕንፃው ዋጋ 180 ሺህ ቢሆን፣ የወጪ ጣሪያችሁ 90 ሺህ ነው እንጂ 300 ሺህ አይደለም። ብዙ ሰው በስሌቱ የሚወድቀው እዚህ ነው። የሕንፃውን ዋጋ ከካውንቲው የንብረት ገማች መዝገብ ማግኘት ይቻላል፤ ያ አነሰ ብላችሁ ካመናችሁ ፈቃድ ያለው የግል ገማች አሠርታችሁ ማቅረብ ትችላላችሁ።

ወጪውም ከኪሳችሁ የወጣው ብር ብቻ አይደለም። በፌማ አሠራር መሠረት በነፃ የተገኘ ዕቃና በነፃ የተሠራ ሥራ በገበያ ዋጋው ይታሰባል። የአጎት ልጅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ በነፃ ቢዘረጋላችሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጆች ቅዳሜ ተሰብስበው በደቦ ግድግዳ ቢያቆሙላችሁ፣ ያ ሁሉ ጉልበት አንድ ተቋራጭ ሊያስከፍል በሚችለው ልክ ዋጋ ወጥቶለት ይደመራል። ደቦው ቡናና ዳቦ ብቻ ስላስወጣችሁ ከ50 በመቶው አያወጣችሁም። አንዳንድ አስተዳደሮች ደግሞ በዓመታት ውስጥ የተሠሩትን ጥገናዎች ደምረው ይቆጥራሉ፤ ሥራውን በየዓመቱ ከፋፍላችሁ ለማለፍ ከማሰባችሁ በፊት የእናንተ ከተማ ወይም ካውንቲ እንዴት እንደሚቆጥር ጠይቁ።

ከ50 በመቶው ስሌት ውጪ የሚሆን ሥራም አለ። የጤና፣ የንጽሕና ወይም የደኅንነት ደንብ ለማሟላት የሚደረግ ሥራ አይቆጠርም፤ እንዲሁም በታሪካዊ ቦታነት በተመዘገበ ሕንፃ ላይ የሚደረግ ሥራ። ለመጀመሪያው ግን ጉድለቱን የደንብ ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ለይቶ የጻፈው መሆን አለበት፤ የሚታለፈውም ያንን ጉድለት ለማስተካከል የግድ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው። ሽቦው አርጅቷል ብላችሁ ራሳችሁ ስለወሰናችሁ ወጪው አይቀነስም።

ሁለተኛው ቀዳዳ የገበሬ ቤት ነው። በስኖኳልሚ ሸለቆ እርሻ ለያዘ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሕጉ የገበሬ ቤት የሚለው ምርቱ በዋናነት ለባለቤቱና ለነዋሪው ፍጆታ ባልሆነበት እርሻ ላይ ያለን የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነው። ለቤት ጎመንና ቃሪያ የሚተከልበት ጓሮ እርሻ አያሰኝም። ነባሩን የገበሬ ቤት በአዲስ መተካት የሚቻለው በዚያው እርሻ ላይ ከመሄጃው ውጪ ደኅንነቱ የተጠበቀ ቦታ ከሌለ፣ ወይም ቤቱ ለእርሻው ሥራ ሲባል ከሌሎቹ ሕንፃዎች አጠገብ መሆን ካለበት ነው። አዲሱ ቤት የአሮጌውን ስፋት አይበልጥም። ዝቅተኛው ወለል ከጎርፉ ከፍታ ቢያንስ አንድ ጫማ በላይ ይሆናል። አሮጌው ቤት አዲሱ ሰው ከገባበት በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ከነመሠረቱ ከመሄጃው ይነሣል። የመጠጥ ውሃውና የፍሳሽ መሥመሩም የጎርፍ ውሃ እንዳይገባበት ሆኖ ይሠራል።

ሦስተኛው የገበሬ ቤት ያልሆነ፣ በእሳትም በጎርፍም ክፉኛ የተጎዳ መኖሪያ ነው። ጉዳቱን የማደሻ ወጪ ከ50 በመቶው ሲያልፍ ባለቤቱ በራሱ መብት መልሶ መሥራት አይችልም። ከተማው ወይም ካውንቲው የክፍለ ግዛቱን የሥነ ምህዳር መሥሪያ ቤት፣ ሰዎች «ኢኮሎጂ» የሚሉትን፣ የቦታውን አደጋ እንዲመረምር ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ የጎርፉን ጥልቀት፣ ፍጥነቱንና ወንዙ መሬቱን የሚሸረሽርበትን ምልክት። ጥልቀቱ ከ3 ጫማ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ3 ጫማ ካለፈ ወይም የመሸርሸር ምልክት ካለ ተስፋው ይመነምናል። ጥያቄውን የሚያቀርበው አስተዳደሩ ስለሆነ ቤታችሁ እንደተጎዳ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደዚያ ነው።

አራተኛ፦ መኖሪያ ያልሆነ ሥራ

ድልድይ፣ መግቢያ መንገድ፣ የእርሻ መጋዘን፣ የመኪና ማቆሚያ፣ አጥር፣ የወንዝ ዳር ማጠናከሪያ በመሄጃው ውስጥ ሲታሰብ የፌደራሉ ደንብ የሚጠይቀው አንድ ማረጋገጫ ነው፦ ሥራው በአንድ በመቶው ጎርፍ ጊዜ የውሃውን ከፍታ ምንም እንደማይጨምር። አንድ ጫማ የምትለዋ ቁጥር መሄጃውን ለመለካት ነው የተጠቀምንባት። በመሄጃው ውስጥ ለሚሠራ ሥራ የተፈቀደው ጭማሪ ዜሮ ነው። ከላይ ያለ ጎረቤት ቤት ውስጥ የሚገባው ውሃ የእናንተ ግንብ የመለሰው ሊሆን ስለሚችል ነው እንዲህ የጠበቀው፤ እኔም በዚህ ሕጉን እደግፋለሁ።

ማረጋገጫውን የሚፈርመው ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ነው። ሥራው የሚጀምረው ካርታው የተሠራበትን የወንዝ ስሌት ከፌማ ወይም ከካውንቲው በማግኘት ነው። መሐንዲሱ ያንን ስሌት በራሱ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ያስኬዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ኮር ያዘጋጀውን ሄክ ራስ የተባለ ፕሮግራም ነው። ቀጥሎ የዛሬውን መሬት ትክክለኛ ቅርጽ ያስገባል። በመጨረሻ የእናንተን ሥራ ጨምሮ ሁለቱን ውጤቶች ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ተቆርጦ በተለካበት በእያንዳንዱ ቦታ ያነጻጽራል። መሐንዲስ ከመቅጠራችሁ በፊት በዚሁ ወንዝ ላይ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። የቤት መሠረት የሚያሰላ መሐንዲስ ሁሉ የወንዝ ስሌት አይሠራም።

ውጤቱ ጭማሪ ካሳየ ሥራውን ማሳነስ ወይም ቦታውን መለወጥ ነው የምመክረው። ሌላው መንገድ አስተዳደሩ ካርታው እንዲቀየር ከግንባታው በፊት ፌማን በቅድመ ሁኔታ እንዲጠይቅላችሁ ማድረግ ነው፤ ውሃው ለሚጨምርባቸው ባለመሬቶች ማሳወቅን፣ ጭማሪው የሚነካው አንድም ሕንፃ አለመኖሩን ማረጋገጥን ይጠይቃል። ለግለሰብ ይህ ረጅምና ውድ ነው።

የልዩ ሁኔታ ፈቃድ እንጠይቅ የሚሉም አሉ። በፌደራሉ ደንብ በመሄጃው ውስጥ የውሃውን ከፍታ ለሚጨምር ሥራ እንዲህ ያለ ፈቃድ አይሰጥም።

አምስተኛ፦ ሌሎቹን ፈቃዶች ደርድሩ

የጎርፍ ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም። በወንዙ አልጋ ላይ ወይም ፍሰቱን በሚነካ መልኩ የምትሠሩ ከሆነ ከዋሽንግተን የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የውሃ ሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤቱ የተሟላ ማመልከቻ ከደረሰው በኋላ መልስ ለመስጠት 45 ቀን አለው። ሳልመን ዓሣ የሚራባባቸው ወንዞች ስለሆኑ ውሃ ውስጥ መሥራት የሚቻለው በተወሰኑ ወራት፣ በአብዛኛው በዚህ አገር በጋ፣ በደረቁ ወራት ነው፤ ማመልከቻችሁ ከግንቦት ከዘገየ ዓመት ልትጠብቁ ትችላላችሁ።

አፈር ወይም ድንጋይ ወደ ወንዙ ወይም ወደ ረግረጉ የሚገባ ከሆነ ከጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ኮር የሲያትል ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይታከላል። የውሃ ሥራ ማመልከቻዎችን በአንድ ላይ ለማቅረብ «ጃርፓ» የሚባል የጋራ ቅጽ አለ፤ አንድ ጊዜ በደንብ ከሞላችሁት ለብዙዎቹ ቢሮዎች ይሆናል። የፒዩጀት ሳውንድ አካባቢ ከተሞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ የፌደራል የዓሣ ጥበቃ ውሳኔ ወዲህ፣ በጎርፍ ሜዳ ላይ የሚሠራ ሥራ ለሳልመን መኖሪያ ምን እንደሚያደርስ የሚገልጽ ጥናት ይጠይቃሉ።

ከዚያ የወንዝ ዳርቻ ሕጉ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ይህ የክፍለ ግዛቱ ሕግ አማካይ ዓመታዊ ፍሰታቸው በሰከንድ ከ20 ኪዩቢክ ጫማ በላይ በሆነ ወንዞች ዳር፣ ከተለመደው ከፍተኛ የውሃ መስመር 200 ጫማ ድረስ ይደርሳል። የጎርፍ መሄጃውንና ከእርሱ ጋር የተያያዘውን 200 ጫማ የጎርፍ ሜዳም ይጨምራል። «ከፈቃድ ነፃ» የሚለው ቃል በብዛት የሚገኘው በዚህ ሕግ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ስድስተኛ፦ «ነፃ» የሚለውን ቃል በትክክል አንብቡ

የወንዝ ዳርቻ ሕጉ ከዋናው የልማት ፈቃድ ነፃ ከሚያደርጋቸው ሥራዎች መካከል፦ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ጠቅላላ ወጪው ወይም የገበያ ዋጋው ከ8,504 ዶላር የማይበልጥ ሥራ፣ የነባር ሕንፃ የተለመደ ጥገና፣ አስቸኳይ አደጋን ለመከላከል የሚደረግ ግንባታ፣ እንዲሁም ባለቤቱ ለራሱ ቤተሰብ የሚሠራው ከ35 ጫማ የማይበልጥ ከፍታ ያለው መኖሪያ ቤት ይገኙባቸዋል። የገንዘቡ ጣሪያ በየአምስት ዓመቱ ስለሚስተካከል የወቅቱን ቁጥር ጠይቁ።

አሁን የመጨረሻውን ከሦስተኛው ክፍል ጋር አስተያዩት። አንዱ ሕግ ለራስህ የምትሠራው ቤት ከፈቃዴ ነፃ ነው ይላል። ሌላው ሕግ በዚያው መሬት ላይ ቤት መሥራት ክልክል ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ባዶ መሬት የገዛ ሰው ገንዘቡን የማይመለስበት ቦታ ላይ ያስቀምጣል።

ነፃ የሆነውም ሥራ ቢሆን የአካባቢውን የወንዝ ዳርቻ ደንብ ማክበር ይጠበቅበታል፤ ነፃነቱ ከፈቃዱ ሂደት እንጂ ከደንቡ አይደለም። ስለዚህ ሥራችሁ ነፃ ነው ከተባላችሁ የነፃነት ደብዳቤ በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤው የትኛው ሕግ በየትኛው አንቀጽ ነፃ እንዳደረጋችሁ ይጥቀስ። በስልክ «ችግር የለውም» ያላችሁ ሠራተኛ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ላይኖር ይችላል።

አስቸኳይ ሁኔታን በተመለከተ፦ ወንዙ ዛሬ ማታ ቤታችሁን ሊወስድ ከሆነ ወረቀት ጠብቁ የሚል ሕግ የለም። የዓሣ መሥሪያ ቤቱ በአስቸኳይ ጊዜ በቃል ፈቃድ መስጠት ይችላል። ይሁን እንጂ አደጋው ያልታሰበና የተቃረበ መሆን አለበት። በየዓመቱ የሚሞላ ወንዝ ያልታሰበ አይባልም። ደውሉ፣ የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነጋገራችሁትን ሰው ስም ጻፉ፣ ፎቶግራፍ አንሡ፣ ውሃው ሲጎድል ማመልከቻውን አሟሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ከጣለው ከባድ ዝናብ በኋላ በግሪን ወንዝ ላይ ያለው የሃዋርድ ሃንሰን ግድብ ዳር ላይ ጉዳት ሲታይ፣ በኬንት ሸለቆ ወንዙ ዳር ግዙፍ የአሸዋ ከረጢቶች ተደርድረው ነበር። ያን ክረምት እዚያ የኖረ ሰው አደጋ ሲቃረብ ቢሮዎች ምን ያህል ሊፈጥኑ እንደሚችሉ ያስታውሳል።

ሰባተኛ፦ ማመልከቻውን አዘጋጁ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከአስተዳደሩ የፈቃድ ክፍል ጋር የቅድመ ማመልከቻ ስብሰባ ያዙ። የአማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀጠሮውን ስትይዙ ተናገሩ፤ በኪንግ ካውንቲ ይህን መጠየቅ የተለመደ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትሂዱ። «የመሬት ወለል ስፋት» እና «የወለል ስፋት» መካከል ያለው ልዩነት ቤታችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል፤ ያን ሸክም በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም።

ይዛችሁ የምትሄዱት የካርታውን ቅጂ፣ መሄጃው፣ ዳርቻውና ከፍተኛው የውሃ መስመር የተሰመሩበትን ሳይት ፕላን፣ የሕንፃውን ዋጋ ማስረጃ፣ የተቋራጩን ዝርዝር የዋጋ ግምትና የዛሬውን ሁኔታ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ነው።

በፕላኑ ላይ አንድ ነገር ራሳችሁ አረጋግጡ፦ ከፍታው የተለካበትን መነሻ። በአሜሪካ ሁለት የከፍታ መነሻዎች አሉ፤ አሮጌው የ1929፣ አዲሱ የ1988 ይባላል። በፒዩጀት ሳውንድ አካባቢ በሁለቱ መካከል ወደ 3.5 ጫማ ልዩነት አለ። አንድ ቦታ በአሮጌው 30 ጫማ ከተባለ በአዲሱ 33.5 ጫማ ገደማ ነው። የጎርፉን ከፍታ ከአሮጌ ሰነድ፣ የወለሉን ከፍታ ከአዲስ ቅየሳ ወስዶ ያነጻጸረ ሰው ቤቱ ከውሃው በላይ ነው ብሎ ይተኛል፤ ወለሉ ግን ካሰበው ወደ 3.5 ጫማ ያህል ዝቅ ያለ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ከአንድ መነሻ መለካታቸውን ቀያሹ በጽሑፍ ያረጋግጥ።

የወንዝ ዳርቻ ልማት ፈቃድ ካስፈለጋችሁ ፈቃዱ ኢኮሎጂ ዘንድ ከደረሰ በኋላ 21 ቀን ይጠበቃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰው ይግባኝ ማለት ይችላል። ፈቃዱ በእጃችሁ ስለገባ ብቻ በማግሥቱ ቁፋሮ አትጀምሩ።

ያለ ፈቃድ የተሠራ ካለ

ብዙ ወገኖች ቤት ሲገዙ ቀድሞ የተሠራ፣ ፈቃድ የሌለው ክፍል ወይም ሙሌት ይወርሳሉ። መደበቅ አያዋጣም። አስተዳደሩ ጥሰቱን ለፌማ ካስታወቀና ንብረቱ ሕግ የጣሰ ተብሎ ከተወሰነ የፌደራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ሊከለከል ይችላል፤ በጎርፍ ሜዳ ላይ ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ ከባንክ ብድር ማግኘት ይከብዳል፣ የሚገዛችሁም ይጠፋል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የጎርፍ ጉዳት እንደማይሸፍንም አስታውሱ፤ የጎርፉ ኢንሹራንስ በአብዛኛው ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ዝናቡን አይታችሁ የምትገዙት አይደለም። ራሳችሁ ቀርባችሁ ከሥራ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ ጠይቁ፤ የማይፈቀደውን ክፍል የምታነሡበትን የጊዜ ሰሌዳ ተደራደሩ።

ሥራው ሲያልቅ

የመጨረሻው ተቆጣጣሪ ሳያይ ሥራው አላለቀም። የወለሉን ከፍታ የሚያረጋግጠውን ሰነድ ከቀያሹ ተቀበሉ፤ ለኢንሹራንስ ዋጋም ይጠቅማችኋል። የመሐንዲሱን ማረጋገጫ፣ የነፃነት ደብዳቤዎቹን፣ የወጪ ደረሰኞቹንና የመጨረሻውን የምርመራ ወረቀት በአንድ ማህደር አስቀምጡ፤ አንድ ቅጂ ከቤቱ ውጪ፣ ውሃ በማይደርስበት ቦታ ይሁን። በዋሽንግተን የቤት ሻጭ የሚሞላው የመግለጫ ቅጽ በንብረቱ ላይ የጎርፍ ሜዳ እንዳለና ጎርፍ ደርሶበት እንደሚያውቅ ይጠይቃል። ስትገዙ ይህን ቅጽ ከፊርማችሁ በፊት አንብቡት፤ ስትሸጡ ደግሞ ማህደሩን ከቁልፉ ጋር ለገዢው ስጡት።